የፅጌን ትንፋሽ ፍለጋ በሦስት ከተሞች

ከለገጣፎ የወጣሁት በኅዳር አጋማሽ፣ ቅዳሜ ማለዳ ነው። የጉዞዬ ዓላማ አንዲት ሴት ማግኘት ነበር። ስሟን አላውቅም፣ መልኳንም አይቼ አላውቅም፤ ድምፅዋን ግን በየምሽቱ ቤታችን ውስጥ እሰማዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ፅጌ፣ ከውጭ መጥቶ ወደ አማርኛ በሚመለስ ተከታታይ ድራማ ላይ ለዋናዋ ሴት ለሚርሳ ድምፅ ትሰጥ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም ነበረባት። ንግግሯ ረዘም ሲል ከመጨረሻው ቃል በፊት አጭር ትንፋሽ ትስባለች፤ በበር ስንጥቅ እንደሚገባ ነፋስ ሲር የሚል ትንፋሽ። የስቱዲዮው ሰዎች ሊያስተዉአት ሞክረው አልሆነም፤ ተመልካቹ ግን ወደደው። በክረምቱ መጨረሻ አስሙ ገደላት።

እንደ ለቅሶ ቤት ደንብ ቴሌቪዥኑን ጨርቅ አልብሰን አርባዋ እስኪወጣ አልከፈትነውም። በማግስቱ እናቴ ጨርቁን አንሥታ ከፈተችው። ሚርሳ መስኮት አጠገብ ቆማ «አልመለስም ብዬህ ነበር» አለች፤ ያንኑ ትንፋሽ ሳበችና «አይደል?» ብላ ጨረሰች።

«ቀድማ የቀዳችው ነው» አልኳት እናቴን። አልነበረም። ፅጌ የቀዳቻቸው ክፍሎች አልቀው እንደነበር አውቃለሁ። እናቴ ከዚያ ምሽት ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ፅጌ ልጅ ሳለች ትንፋሿን ለመስማት ታደርገው እንደነበረው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ጥላ ታነጋለች። «ልጄን ሲያፍናት እየሰማሁ እንዴት ልተኛ?» ትለኛለች። ከስታ ከስታ ቀሚሷ ከትከሻዋ መንሸራተት ጀመረ። ስለዚህ አዲሷን ባለ ድምፅ ፈልጌ ትንፋሹን እንድትተወው ልለምናት ተነሣሁ።

ሰበታ

ከአየር ጤና የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዓለም ገና ላይ በፋብሪካ ሠራተኞች ሞላ። ጭቃ የደረቀበት መንገድ፣ የጭነት መኪና ጭስ፣ በግራ በኩል የባሕር ዛፍ አጣና ክምር። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ አለቃቸው ያወራሉ።

«ፈቃድ ስጠኝ ብለው ዝም አለኝ» አለች አንዷ። ትንፋሽ ሳበች። «ታምኛለሽ?»

«እሱ እኮ ድሮም» አለች ሁለተኛዋ፤ እሷም ሳበች፤ «እንዲሁ ነው።»

ከኋላ ወንበር ሌላ ሴት ሂሳብ ስትጠየቅ ረዳቱን «ቅድም ከፍያለሁ» አለችው፤ ሲር አለ፤ «አንተ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መስኮቱን ከፈትኩት። የእህቴን ደረት የዘጋው ነገር እዚያ መኪና ውስጥ ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ ይዞር ነበር።

ዳዊት የፅጌን ድምፅ ይቀዳ የነበረ ባለሙያ ነው። የሚኖረው ሰበታ ነው። ፉል ቤት ተገናኘን።

«ማሽን ነው አይደል?» አልኩት። «ድምፅዋን በኮምፒውተር እየሠራችሁ ነው።»

ዳቦውን አስቀመጠው። «ማሽን ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ወንድሜ። ሰው ናት። ለፈተና ስትመጣ ጀርባዬን ሰጥቼ ገመድ እያሰርኩ ነበር። መናገር ስትጀምር ዞሬ ማየት ፈራሁ።»

ስልክ ቁጥሯ የለውም፤ የሚደውልላት ቢሮው ነው። ስሟ ሰዓዳ መሆኑንና አጎቷ ሐጂ ከማል ቡራዩ ውስጥ ጨርቅ እንደሚሸጡ ግን ነገረኝ። ሂሳቡን ልከፍል ስል እጄን ያዘው። «ለእሷ ስል» አለ።

ቡራዩ

በአየር ጤና ተመልሼ፣ በዊንጌትና በአስኮ አድርጌ ቡራዩ ስደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። የሐጂ ከማል ሱቅ ከገበያው ከፍ ብሎ ነው። በዚያ ሙቀት አንዲት የአራት ዓመት ያህል ልጅ የሱፍ ሹራብ ለብሳ፣ አንገቷ በሻርፕ ተጠምጥሞ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣለች።

«አባባ፣ ውሃ ስጠኝ» አለች። ሲር። «እሺ?»

«ይኸው!» አሉ ሐጂ ከማል ወደ እኔ ዞረው፤ ደንበኛ መስዬአቸዋለሁ። «የልጄ ልጅ ናት። ሦስት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ሳንባዋ ንጹሕ ነው ይሉኛል። ሩጫ ከለከልኳት፣ ቀዝቃዛ ከለከልኳት። ሐኪም ጠፋ፣ የኔ ልጅ!»

«ሐጂ፣ ስትተኛ ይሰማዎታል?»

«ስትተኛማ ጸጥ ነው።»

«ስታለቅስስ?»

አሰቡ። «ስታለቅስም... የለም።»

«ማታ ማታ ድራማ ታያለች?»

ልጅቷ ቀደመቻቸው። «ሚርሳን!»

ሐጂ የጨርቅ መለኪያውን ብረት ቀስ ብለው አስቀመጡ። «አስተግፊሩላህ» አሉ። «የጎረቤቶቻችንም ልጆች እንዲሁ ናቸው። እኔኮ በሽታው ሰፈሩን የያዘው መስሎኝ፣ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ እያልኩ ስዞር ከረምኩ!» እየሳቁ ሻርፑን ከልጅቷ አንገት ፈቱት። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ጠፋ። ሰዓዳ ሱሉልታ፣ በአባቷ የድርቆሽ መጋዘን እንደምትሠራ ነግረው እስከ በሩ ሸኙኝ።

ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ወጥተን ወደ ሜዳው ስንወርድ ብርዱ በመስኮት ገባ። የታጨደው ሣር ቢጫ ክምር ሆኖ እስከ ተራራው ሥር ተዘርግቷል፤ በመካከሉ ሰው አይታይም። ከመኪናው ወርጄ ጥቂት ስሄድ ድርቆሽ የሚጭኑ አንድ አዛውንት አገኘሁ።

«ኦቦ፣ እንደምን ዋሉ፤ የሰዓዳ አባት መጋዘን የቱ ነው?»

«ሰዓዳ? ሚርሳ አትልም!» ሳቁ። «ከዚያ ክምር ወዲያ ነው።»

«ገለቶማ» ብዬ በኦሮምኛ አመስግኜ አለፍኩ።

ክምሩ ጋ ስደርስ ፅጌ ከወዲያ በኩል የድርቆሽ እስር ትቆጥር ነበር። «ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት...» ሲር። «ሃያ ስምንት።» ነፋሱ ሣሩን ያንኮሻኩሸዋል፣ እህቴ ትቆጥራለች። ዞሬ ስሄድ ሻርፕ የተከናነበች፣ አጠር ያለች፣ ፍጹም የማላውቃት ሴት ቆማለች።

ማንነቴን ስነግራት ክምሩን ተደገፈች። «የእሷን ክፍሎች በስልኬ ሌት ተቀን እየሰማሁ ነው የተማርኩት» አለችኝ። «አሁን ሳልፈልግም ይወጣል። እናቴ ተኝተሽም ትስቢዋለሽ ትለኛለች።»

«አስም ነው» አልኩ። «የሞተችበት።»

ፊቷ ተለወጠ። «ወላሂ ስልት መስሎኝ ነበር። የትወና ስልት።»

ስለ እናቴ ነገርኳት። ከሻርፗ ላይ ገለባ ለቀመች። «ብተወው ይህቺ ሚርሳ አይደለችም ይሉኛል። ሥራዬን አጣለሁ።» ቢሆንም ሞከረች። «አልመለስም ብዬህ ነበር» ሲር «አይደል?» ራሷን ነቀነቀች። ደገመችው፤ እንደገና ሲር። ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለሦስተኛ ጊዜ አለችው፤ ዓረፍተ ነገሩ ያለ ምንም እንቅፋት ወጣ። ወዲያው አፏን ሸፈነች።

«ይሄ ደግሞ የማን ድምፅ ነው?» አለች።

ስለያት ግን «ለእናትህ ስል እተወዋለሁ» አለችኝ።

ለገጣፎ

ቤቴ የደረስኩት በዚያው ቀን ነው፤ ጉዞው ያለቀው ግን ከሳምንታት በኋላ፣ ሰዓዳ ከተገናኘን በኋላ የቀዳችው ክፍል በታየበት ምሽት ነው። ሚርሳ ረጅም ንግግር ተናገረች። ከመጨረሻው ቃል በፊት ምንም አልነበረም። እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ አዳመጠች። ሁለተኛው ንግግር አለፈ፣ ሦስተኛውም።

«ተሻላት» አለች። «ሰማህ? ዛሬ ደህና ተነፈሰች።» ተነሥታ ራሷ አጠፋችው። «አሁን ትረፍ» ብላ ገብታ ተኛች።

ከወራት በኋላ እናቴ የተኛችበት የመጀመሪያው ሌሊት ነው። የጎረቤታችን ቴሌቪዥን ግን አልጠፋም። በግድግዳው በኩል ያ ድምፅ ጥርት ብሎ፣ ሳይቆራረጥ መናገሩን ቀጠለ። ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ከእያንዳንዱ የመጨረሻ ቃል በፊት ጠበቅሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ ሦስት ከተማ ዞሬ ያስወገድኩት በሽታ፣ ከእህቴ የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ለእናቴ ልጇ የዳነችበትን ምሽት፣ እኔ እህቴ የሞተችበት ምሽት አድርጌ ይዤዋለሁ።