አባቴ ከበረንዳ የመሩት ደቦ

አባቴ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ማዘጋጃ ቤቱ በፈቀደላቸው ቁራሽ መሬት ጎመንና ቃሪያ ሲተክሉ ኖረው አንድ ዓመት ጤፍ ዘሩ። «እዚህ ይበቅላል?» ስላቸው፣ «መሬት መሬት ነው» አሉኝ። በቀለ። አጨዳው ሲደርስ ግን ጉልበታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ከሁለተኛ ፎቅ አልወርድም አሉ። ሐኪሟ ደረጃውን እንዲለማመዱ ብትለምናቸውም መልሳቸው «ነገ» ነበር።

እኔ ፋብሪካ ውስጥ ብስኩት አሻጊ ነኝ፤ ማጭድ ጨብጬ አላውቅም። ያቭኔ ለሚኖሩት አጎቴ ደወልኩ።

«ደቦ ጥሪ እንጂ ልጄ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን» አሉኝ። ገዴራ ላሉት ዘመዶቻችንም እሳቸው ነገሩልኝ። አባቴም «ደቦ በባዶ ሆድ አይጠራም» ስላሉ ጠላ ጠመቅኩ፣ ወጥ ሠራሁ።

ዓርብ ማለዳ አሥራ አራት ሰው መጣ። አጎቴ ሁለት ማጭድ በጋዜጣ ጠቅልለው ከአውቶቡስ ወረዱ። «ሾፌሩ ምንድነው ቢለኝ፣ ለጢሜ ነው አልኩት» አሉና አሳቁን። አባቴ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው፣ «ጎንበስ በሉ፣ ከሥሩ እጨዱት» እያሉ ያዝዙን ጀመር። አጎቴ ያዜማሉ፣ እኛ እንቀበላለን።

ነዶውን መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሰፊ ሸራ አንጥፈን ዘረጋነው። የሚያበራይ በሬ የለም። የአጎቴ ልጅ፣ «በመኪናዬ ልሂድበት፣ ቤሰደር?» አለ፤ «እሺ?» ማለቱ ነው በዕብራይስጥ።

«ቤንዚን የሸተተ እንጀራ አልበላም» አሉ አባቴ ከላይ። በዱላ ወቃነው።

በሰፌድ ማበጠር ስንጀምር ነፋስ ተነሣና እብቁ ሁሉ ሄዶ አንደኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ባሰጡት ነጭ አንሶላ ላይ አረፈ። ጎረቤታችን ከሞሮኮ የመጡ አሮጊት ናቸው። ሲወርዱ ዘፈኑ ቆመ።

«ይቅርታ፣ እኔው መልሼ አጥብልዎታለሁ» አልኳቸው በዕብራይስጥ።

እሳቸው ግን ሰፌዱን ከእጄ ወሰዱ። «እንዲህ ከያዝሽው ፍሬውም አብሮ ይሄዳል። አባቴ ስንዴ ሲያበጥር ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ነበር» አሉና ከፍ አድርገው መበተን ያዙ።

ትንሽ ቆይቶ ከደረጃው የክራንች ድምፅ ተሰማ። አባቴ ነበሩ፤ ላብ በላብ ሆነው ወረዱ።

«ጤፍ እንደ ስንዴ አይደለም፣ ቀስ ነው የሚባለው በያት» አሉኝ።

ለጎረቤታችን ነገርኳቸው። «ስንዴም ቀስ ነው በይው» አሉኝ እሳቸውም። አንዱ ለሌላው አልተረታም፤ እኔም እያስተረጎምኩ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጤፉ ግን እንደ አሸዋ ጠራ።

ግማሽ ጆንያ ወጣ። አባቴ የመጣውን ሁሉ መርቀው ለየሰው በፌስታል ሰፈሩለት። ለጎረቤታችንም ሊሰጡ ብለው እጃቸውን መለሱና፣ «ለእሷ ጋግረሽ ውሰጅላት፤ እንዴት ታውቅበታለች?» አሉኝ።

የዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ሊገባ፣ አውቶቡስም ሊቆም ስለነበር እንግዶቹ ወደ አውቶቡሱ ተጣደፉ። አባቴ ሸራው ዳር ተቀምጠው የቀረችውን ፍሬ በጣታቸው ይለቅሙ ነበር።

«አባ፣ ሰንበት ገባ» አልኳቸው።

«ያላ፣ መጣሁ» አሉ፣ ሳይነሡ።