በመደርደሪያ ላይ የተዛመዱ ሰዎች

የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቦርሳ የምትቀበለው ሴትዮ ካርድ አትሰጥም። ካርዶቹ ተበጣጥሰው ካለቁ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ እሷ ግን አርባ ቦርሳ ተቀብላ አርባውንም ለየባለቤቱ ትመልሳለች።

እንዴት አትሉም? አንድ በአንድ ልያዝ ብትል ከአራት ከአምስት አያልፍላትም። የሁላችንም ጭንቅላት እንደዛው ነው፤ ስድስተኛው ሲገባ አንደኛው ሹልክ ይላል። እሷ ታዲያ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ፣ ታዛምዳቸዋለች! ጥቁሩ ሻንጣ አባት፣ ቀይዋ ቦርሳ እናት፣ ሸራው ልጅ፣ የላስቲኩ ዘንቢል አማች። አራቱን አንድ መደርደሪያ ላይ ታደርግና አለቀ፣ አንድ ቤት ሆኑ። የምትይዘው አርባ ሰው ሳይሆን አስር ቤት ነው፣ ለዛውም ጎረቤታሞች። አንዱ ቤት አማትና አማች ተኳርፈዋል፣ ሌላው ቤት ልጅ ሊዳር ነው። ቀኑን ሙሉ በሆዷ ስታስታርቅ ትውላለች። የራሷ ቤት ሲገቡ ግን ባል ሞቷል፣ ልጅ የለም፣ ወንበሩም አንድ ነው።

አንድ ማክሰኞ ባለ ቀይ ቦርሳዋ መምህርት ልትወጣ መጣች።

«ባልሽ ጥሎሽ ሄደ እኮ፣ ምነው ተኳረፋችሁ እንዴ?» አለቻት፣ አምልጧት።

«የቱ ባሌ?»

«ያ ጥቁር ሻንጣ የ...» ብላ ቀይዋን ቦርሳ አቀበለቻት።

«እትዬ፣ እኔ ባል የለኝም። ማነው እንዲህ እያለ የሚያወራብኝ?» አለች መምህርቷ፤ ቀጥ ብላ ኃላፊው ጋ ወጣች።

ኃላፊው ወጣት ነው። «እትዬ፣ ሰው ማጋባት ጀመሩ አሉ» አላት፣ ሳቁን እየዋጠ።

«ለመያዝ ብዬ ነው ልጄ። ካላዛመድኳቸው ይጠፉብኛል።»

«ይገባኛል። ግን ሌላ ቅሬታ ከመጣ ሥራዎን ማትረፍ አልችልም። ከነገ ጀምሮ ቁጥር ነው።»

እንጀራ ነውና እሺ አለች። ቁጥር የተጻፈባቸው ፕላስቲኮች መጡ። አስራ ሰባት ትሰጣለች፣ አስራ ሰባት ትቀበላለች። ስህተት የለም፣ ጥል የለም፣ ሰርግም የለም። ቀና ብሎ ፊት ማየትም ቀረ፤ ለምኑ ብላ?

በወሩ፣ ከሥራ ወጥታ አውቶቡስ ስትጠብቅ አንድ ጎልማሳ «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» አላት። ፊቱን ታውቀዋለች። የማን ቤት ልጅ እንደነበር፣ ከማን ጎን እንዳስቀመጠችው ግን ድርግም አለባት።

«ይቅርታ ልጄ፣ ቁጥርህ ስንት ነበር?»

የምትቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀ። አውቶቡሱ መጣና ተሳፈረ። የእሷ መስመር ሌላ ነው።