ዘፈኑን ዝጋልኝ

የአያቴ ተዝካር ዕለት፣ የሠራሁላቸውን ቪዲዮ ድንኳን ውስጥ ያየ ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይለኛል። ልጮህበት ምንም አልቀረኝ። የተናደድኩት ግን በራሴ ነው።

ደብረ ማርቆስ ሠርግ እየቀረጽኩ ነው የምኖረው። አያቴ ደምበጫ ገጠር ገበሬ ነበሩ። ሥራዬን በስልኬ ባሳየኋቸው ቁጥር፣ ገና ሲጀምር እጃቸውን ያነሣሉ። «ዘፈኑን ዝጋና ሙሽራውን አሰማኝ። ምን ጠፍቶበት ነው ከቤቱ የወጣው?»

«አባባ፣ ይኼ እርስዎ የሚያውቁት ሥራ አይደለም» እላቸው ነበር። እኔ ደፋሩ!

ባለፈው ጥር ደጃፋቸው ላይ ገመድ እየገመዱ፣ የጠፋች በቅሎ ፍለጋ ወጥተው ሴት አያቴን እንዴት እንዳገኙ አወሩልኝ። ቀረጽኳቸው። አልሰማኋቸውም። ካሜራው ይሰማል ብዬ፣ እኔ ፊታቸው ላይ የወደቀውን ጥላ ሳስተካክል ነበር።

ከተማ ተመልሼ ሳየው ነፋሱና የውሻው ጩኸት አስጠላኝ። ድምፁን በሙሉ አውጥቼ ክራር ጫንኩበት። ዋናውን ቅጂ ለሌላ ሰው ሠርግ ቦታ እንዲለቅ ብዬ አጠፋሁት። በገዛ እጄ!

እንግዳው ሲበተን ሴት አያቴ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ አጠገቤ ተቀመጡ።

«እስቲ ዘፈኑን ዝጋልኝ፤ የበቅሎዋን ነገር ሲያወሩ ልስማቸው።»

ክራሩን ዘጋሁት። የአያቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ጣታቸው ገመዱን ይገምዳል።

ሴት አያቴ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

«ድምፁን ጨምረው እንጂ ልጄ፤ አይሰማኝም።»