ከማራኪ የመጣ ድራማ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ አንድ የቆየ ድራማ ደገመ። እናቴ ገና የመክፈቻውን ሙዚቃ ስትሰማ የምትለቅመውን ምስር ከነሰፌዱ አስቀምጣ፣ «ድምፁን ከፍ አድርገው» አለችኝ። እኔም አወቅሁት። ወንድሜ ሙሉቀን ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ድራማ ግን እስከ ዛሬ እቀናበታለሁ። በሞተ ሰው መቅናት ነውር ነው፣ አውቃለሁ። እውነቱ ግን ይሄ ነው። እንዴት እንደምጽፈው ብቻ ነው የቸገረኝ።

ያኔ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሙሉቀን በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አዘዞ፣ የእኛ ሰፈር፣ መብራት በፈረቃ ነበር፤ ፈረቃው ደግሞ እሑድን አይወድም። ኮሜዲውም ድራማውም የሚታየው እሑድ ነው። አክስታችን እሑድ መብራት በማይጠፋበት በማራኪ ሰፈር ትኖር ስለነበር ሙሉቀንና እኔ በሚኒባስ ሄደን እናይና እንመለሳለን። ከዚያ እሱ ለግቢው ሰው ይተርካል። ጎረቤታችን አያ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፣ በርጩማቸውን ይዘው ከሁሉም ቀድመው ይቀመጣሉ።

እኔም እኩል አይ ነበር። እንዲያውም ከእሱ ይበልጥ በደንብ። ሚኒባስ ውስጥ እሱ ይተኛል፤ እኔ የትኛው ተዋናይ የት ላይ እንደሳተ አስባለሁ። ግን ስንመለስ የሚባለው «ሙሌ መጣ?» ነው። የእኔን መምጣት የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

አንድ ክረምት ሙሉቀን አጎታችንን በአረም ሊያግዝ ወደ ድብ ባሕር ሄዶ ሰነበተ። የድራማው መጨረሻ ክፍል በዚያው እሑድ ላይ ዋለ። ብቻዬን ማራኪ ሄድኩ። ስመለስ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ነበር፤ የምናገረውን ስለማመድ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ግቢው ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ከኮሜዲው ጀመርኩ። ሰውየው ሁለቴ ይወድቃል፣ ሁለተኛው መውደቅ አያስፈልግም ነበር አልኩ። እኛ ሳንስቅ ተዋንያኑ ራሳቸው ይስቃሉ አልኩ። ድራማው አባቷ ያልመረቃትን ልጅ ይመለከታል፤ የወደደችውን ለማግባት በዝናብ ከቤት ትወጣለች። አባትየው መስኮቱ ጋ ቆሞ ጀርባውን ይሰጣታል። እኔ ግን አባትየው መስኮቱ ጋ ጀርባውን ሰጠ ብዬ ብቻ አልፌ ዝናቡ ላይ ቆምኩ። ዝናቡ እሷ ላይ ብቻ ነው የሚዘንበው፤ ከኋላዋ ያለው ቆርቆሮ ደረቅ ነው፤ በጎማ እየረጯት መሆን አለበት አልኩ። ብዙ አወራሁ።

አያ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ የቆርቆሮውን ነገር ሸጋ አድርገህ ነገርኸን። ልጅቱስ? ሄደች ወይስ ቀረች?»

«ሄደች» አልኩ። በአንድ ቃል አለቀ።

በዚህ መሀል ሙሉቀን በበሩ ገባ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ድራማውን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ውስጥ አይቼዋለሁ አለ። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ቁጭ ሳይል ጀመረ። አባትየው ልጅቱ ሳትነቃ ወደ በረንዳው ወጣ፤ ጎንበስ ብሎ የጫማዋን ጭቃ በጋቢው ጫፍ ጠረገላት፤ የጫማውን አፍንጫ ወደ መንገዱ አዙሮ አስቀመጠላት፤ ከዚያ ገብቶ መስኮቱ ጋ ቆሞ ጀርባውን ሰጠ። እናቴ በነጠላዋ ዓይኗን ሸፈነች።

«ውሸት ነው» አልኩ። «ጫማ የሚባል ነገር የለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼዋለሁ።»

ሙሉቀን መሬት መሬት አየ።

«ቆርቆሮውን ስታይ አምልጦህ ይሆናል» አሉ አያ ታደሰ። ግቢው ሳቀ። እናቴም እያለቀሰች ሳቀች። እሷ መሳቋ ነው የከፋኝ።

ሰው ሲበተን ሙሉቀንን ጫማውን በእንጨት ሲፍቅ አገኘሁት። ቀና ሳይል ነገረኝ። የሻይ ቤቱ መብራት ኮሜዲው ሳያልቅ ሄዷል። «ድራማውን ያየሁት ካንተ አፍ ነው፤ በሩ ጋ ቆሜ ስሰማህ ነበር። የጫማው ነገር ግን ከአጎታችን ያየሁት ነው። ዛሬ ጠዋት ሲሸኘኝ በጋቢው ጠረገልኝ።» ከፈለግህ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ አለኝ። ያንተን ምጽዋት አልፈልግም አልኩት። ከዚያ በኋላ አብሬው ማራኪ አልሄድኩም። ስንት እሑድ እንደባከነ አሁን ሳስበው... ልተወው።

ባለፈው እሑድ እንግዲህ ያ ክፍል መጣ። ዝናቡ እሷ ላይ ብቻ ዘነበ። ቆርቆሮው ደረቅ ነበር፤ አልተሳሳትኩም። አባትየው ጀርባውን ሰጠ። የተዋንያኑ ስም ማለፍ ጀመረ። እናቴ አሁንም ትጠብቃለች።

«ጫማውስ?» አለች።

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። መልሱ አፌ ላይ ነበር።

«ቆርጠውት ነው» አልኳት።

«ምነው ይቆርጡታል? ከሁሉ ሸጋው እሱ ነበር።» ወደ እኔ ዞረችና፣ «እስቲ አንተ ንገረኝ፣ እንዴት ነበር?» አለች።

ነገርኳት። እየተንተባተብኩ፣ ከጋቢው ጀምሬ። ከሙሉቀን ቃል ላይ ምንም አልጨመርኩም፤ ስለ ቆርቆሮውም አላነሳሁም። እናቴ አለቀሰች። ከእኔ ሰምታ ይሁን ወይስ እሱን እየሰማች፣ መጠየቅ ፈለግሁ። ሰፌዱን አቀበልኳት፤ ምስሩን መልቀም ቀጠለች።