አልለቅ ያለው ሻጋታ

ታናሽ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ከገባ ሁለት ዓመት ሲሞላው ለእናቴ ደወለና «የመኝታ ቤት ዕቃ አሠሩልኝ፤ ጥቅምት ላይ መጥቼ አገባለሁ» አላት። እናቴ ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት ምሳ አልበላችም። እኛ ከተማ፣ ሆሳዕና ውስጥ፣ ልጁን ወደዚያ ያልላከ ቤት ጥቂት ነው፤ ተመልሶ የመጣለት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በሳምንቱ አናጢ ተጠራ።

ወንድሜ ከሄደ በኋላ ከሳሎኑ ጎን ያስቀጠልነው ክፍል ነበር። ባለ ራስጌ ሰፊ አልጋና ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ተሠርቶ ገባበት። ጥሩ የዋንዛ እንጨት ነው፤ ቫርኒሹ ፊት ያሳይ ነበር። እናቴ አቧራ እንዳይነካው ብላ ሁሉንም በላስቲክ ሸፈነች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ በሩን ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረች። ጥቅምት መጥቶ ሄደ። የመኖሪያ ወረቀቱ አልተስተካከለም አለን። በሚቀጥለውም ጥቅምት ያንኑ አለን።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ከእናቴ ጋር የምኖረውም እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ስውል፣ በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር የእርጥብ ጆንያ ሽታ ይመጣብኝ ጀመር። በስንት ልመና በሩን ከፈተችልኝና አብረን ገባን። ላስቲኩን ከራስጌው ላይ ስገልጠው እንጨቱ አይታይም። አረንጓዴ ቀለም ያለበት አመድ የመሰለ ነገር አልብሶታል፤ ሲነኩት ይቦናል።

«ዱቄት ነው?» አለች እናቴ።

«ሻጋታ ነው።»

«እንጨት ይሻግታል እንዴ? ዳቦ ነው እንጂ የሚሻግተው።» ይህን እያለች በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገው ጀመር።

በሳሙና ውሃ አጠብነው፤ በደረቅ ጨርቅ ወለወልነው። ጠፋ። በአራተኛው ቀን ስከፍት ተመልሷል፤ ቁም ሳጥኑም ውስጥ ገብቷል። ያኔ በረኪና ገዛሁ። በውሃ ማቅጠን እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ንዴት ላይ ስለነበርኩ እንዲሁ አፈሰስኩበት። ያሸሁበት ቦታ ቫርኒሹ ተልጦ መዳፍ የሚያህል ነጭ ለምጽ ወጣበት። እናቴ መጥታ አየችው፣ እጇን አስቀመጠችበት፣ ወጣች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አናጢውን ጠራሁት። የዱራሜ ሰው ስለሆነና ሀዲይኛ ስለማይችል ከእናቴ ጋር የሚግባባው በአማርኛ ነው። ራስጌውን በጥፍሩ ፋቀው፤ አሸተተው።

«ይህ እንጨት አልደረቀም ነበር» አለ።

«አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር። ያኔ አንድ በጋ ይደር ብያችሁ ነበር። እናታችን ‹ልጄ ጥቅምት ይመጣል፣ ፍጠን› አሉኝ።»

እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

«አሁንስ ምን ይሻላል?» አልኩት።

«ላስቲኩን አንሱ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ፀሐይ አሳዩት። ሰው ቢተኛበትም ጥሩ ነው። ክፍሉ ይከፈታል፣ ይናፈሳል።»

«በልጄ አልጋ ማንም አይተኛም» አለች እናቴ። «የሙሽራ ነው።»

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ሰማዩ ገለጥ ሲል ጎረቤት ጠርተን አልጋውን ፈታተን ሣሩ ላይ አወጣነው። ቁም ሳጥኑ የተገጣጠመው ክፍሉ ውስጥ ስለነበር በበሩ አልወጣ አለ። ፀሐይዋ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች። ከዚያ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ወረደ። ተሯሩጠን ስናስገባው ከወጣበት ጊዜ ይልቅ ረጥቦ ነበር። እናቴ በፎጣ ታደርቀዋለች፤ እኔ እግሮቹን እያገላበጥኩ እጠርጋለሁ።

በዚያው ሰሞን እሑድ ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣለች። ጉዳቱን ይየው ብዬ ስልኩን ወደ ክፍሉ አዞርኩ።

«ማን ቤት ነው ያላችሁት?» አለ።

የሚቀልድ መሰለኝ። «ያንተ ክፍል ነው እኮ። ያሠራኸው አልጋ።»

ኔትዎርክ የቆመ መስሎኝ ስልኩን ነቀነቅሁት። ቆይቶ «ውይ» አለ። «እሱን እስካሁን አስቀምጣችሁታል? ተኙበት እንጂ፣ እህቴ። ካልሆነም ሽጡት።»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና በሀዲይኛ «መጥተህ ትተኛበታለህ» አለችው። «እሺ እማ» አላት። ሲዘጋ ወደ እኔ ዞራ «ሥራ ውሎ ደክሞት ነው» አለችኝ። ልጁ ረስቶታል ማለት ለኔም ከብዶኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ላስቲኩ ተነስቷል፤ ለዚያ ያህል እሺ ብላለች። ዝናብ በሌለ ቀን መስኮቱን እከፍታለሁ። እኔ ልግባበት ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር፤ መልሷ ያው ነው። በየክረምቱ በአቼቶ እወለውለዋለሁ፣ በሳምንቱ ይመለሳል፣ ደግሜ እወለውለዋለሁ።

ዘንድሮ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ ሳደርገው የኋላው ስስ ጣውላ እንደ እርጥብ ካርቶን ላልቶ ጣቴ ሰርጎ ገባ። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ጀርባው አይታይም» አለች።

ከሷ ጋር ሆኜ ወደ ቦታው ገፋሁት። ከዚያ ጨርቄን ጨምቄ ወደ ቁም ሳጥኑ በሮች ዞርኩ።