እጅ ያልነካቸው ዓሣዎች

ታላቅ ወንድሜ ከቅመም ሱቄ ጓሮ፣ በትልቅ የውሃ ታንከር ዓሣ ያረባ ነበር። መርካቶ መሃል፣ አንዋር መስጊድ አጠገብ፣ ዓሣ! «ጋሼ፣ በርበሬዬ ዓሣ ዓሣ ሸተተ እኮ» ስለው፣ «አንቺ ደሞ! አፍንጫሽ ነው» ይለኛል። ብነጫነጭም አልከፋሁበትም፤ የጨርቅ ሱቁ በእሳት ከወደመ ወዲህ ሰው የሆነው በዓሣዎቹ ነው።

ዓሣ በእጅ መነካት አይወድም። «በእጅ ተይዞ፣ ሚዛን ላይ ሲንፈራገጥ ቆይቶ የተመለሰ ዓሣ ይታመማል፤ መብላትም ይተዋል» ይላል ወንድሜ። ስለዚህ ሁለት ካሜራ እንደ ዓይን ጎን ለጎን አስሮ ከታንከሩ በላይ ሰቀለና ከላፕቶፑ ጋር አገናኛቸው። ዓሣው ከሥር ሲያልፍ ርዝመቱም ክብደቱም ተሰልቶ ላፕቶፑ ላይ ይወጣል። ወላሂ፣ መጀመሪያ ስቄበት ነበር። በኋላ ግን ደንበኛ እየጎተትኩ የማሳየው እኔው ሆንኩ።

አውቶቡስ ተራ ሆቴል ያላቸው አንድ ሰውዬ ይህን ሰምተው «ነገ ከሰዓት መጥቼ ልየው» አሉ። ከወደዱት ዓሣውን በቋሚነት ሊገዙት ነው። ወንድሜ ከነጋ ጀምሮ መቀመጥ አቃተው። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ካሜራው ግማሹን ዓሣ አያየውም። የመርካቶ ሰው ደግሞ ዕቃውን ሳይወለውል ለገዢ አያሳይም።

ሌላ ጊዜ የቧንቧ ውሃ በበርሜል ሞልቶ፣ ክሎሪኑ ዓሣ ስለሚጎዳ እስኪለቀው አሳድሮ ነው የሚጨምርላቸው። የዚያን ቀን ግን በርሜሎቹ ባዶ ነበሩ፤ ውሃ ከጠፋች ሰንብታለች። ረፋዱ ላይ መጣች። ግቢው በባልዲ ተንጫጫ። ወንድሜም አረንጓዴውን ውሃ አብዛኛውን አፍስሶ፣ የቧንቧውን ጎማ በቀጥታ ታንከሩ ውስጥ ከተተው።

«ጋሼ፣ ሳያድር?»

«ዛሬን ብቻ። አላህ ያውቅልኛል።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ መጣች አልመጣች ስል የኖርኩ ሰው፣ ዛሬም ድረስ ምነው ያን ቀን በቀረች እላለሁ።

ውሃውስ ጠራ፤ የታንከሩ ወለል ሳይቀር ይታያል። ሰውዬው ሲመጡ ግን ዓሣዎቹ ተገልብጠው ተንሳፍፈዋል። ላፕቶፑ አንዱንም ሳይስት ይለካል፤ የሚሸሽ የለ። ሰውዬው «አይዞህ ልጄ» ብለውት ሄዱ።

ወንድሜ እጅጌውን ሰብስቦ በእጁ ያወጣቸው ጀመር። አንዱን ያነሳል፣ ቀስ ብሎ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሳል። ቶሎ ይገላገል ብዬ የዓሣ ማውጫ መረብ አመጣሁለት።

«ተይው፤ መረብ ይጎዳቸዋል» አለኝ።