«ጊዜያዊ» የተባለችው ሽቦ

የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ሠራተኛው ሁሉ «አባ ቆይ» ይለዋል፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ለከተማው አስተዳደር የመንገድና የትራፊክ መብራት በሚጠግን ድርጅት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። አንዲት ብሎን ሦስት ጊዜ ሳይፈትሽ ከመሰላል አይወርድም፤ ስንጨቀጭቀው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይለናል። በነካው ሽቦ ሁሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ጠቅልሎ ቀን ጽፎ ይፈርማል። ሲሞት መቃብሩ ላይ ራሱ ሳይፈርም አይቀርም እያልኩ አበሽቀው ነበር። ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው፤ መሰላል የተጫነባትን መኪና እነዳለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት መንገዱ ላይ መኪና ተጋጭቷል፣ መብራቱን ፈትሹ ተባልን። ስንደርስ የሚኒባሱ ሾፌር እጁ በካቴና ታስሮ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ጎኑ የነበረችው ሚስቱ እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ተወስዳለች። «አረንጓዴ ነበር» ይላል ደጋግሞ። የገጨው የጭነት መኪና ሾፌርም ለእኔም አረንጓዴ ነበር ይላል፤ እሱ ግን ምስክር አለው። ለሁለት ተሻጋሪ መንገድ በአንዴ አረንጓዴ ስለማይበራ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ምስክር የሌለውን ውሸታም አድርጎ ጨርሷል። መብራቱም ዓይናችን እያየ በሥርዓቱ ይዞራል። ትራፊኩ ወረቀት ዘርግቶ፣ መብራቱ ደህና ነው ብለህ ፈርምልኝና ሰውዬውን ልውሰደው አለው ጋሼን።

ጋሼ መጀመሪያ የመብራቱን መቆጣጠሪያ ሳጥን ልይ አለና ከፈተ። በሩን የያዝኩለት እኔ ስለነበርኩ አብሬ አየሁ። ሳጥኑ ውስጥ «ዘበኛዋ» የምንላት ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ መብራቱ አንዳንዴ ስቶ ለሁለቱም መንገድ አረንጓዴ ሊያበራ ሲል ሁሉንም ወደ ብልጭ ድርግም ቢጫ የምትቀይር እሷ ናት። አንዲት ቀይ ሽቦ በላይዋ ተሻግራ ከሥራ ውጭ አድርጋታለች። ሽቦዋ ላይ ነጭ ፕላስተር አለ። በጋሼ እጅ ጽሕፈት «ጊዜያዊ» ይላል፤ የዛሬ አራት ወር ቀንና ፊርማው ተከትሏል።

ክው አልኩ። ቀኑን አልረሳሁትም። ትልልቅ እንግዶች ያልፋሉ ተብሎ አለቃችን በየአምስት ደቂቃው ይደውላል፤ ዘበኛዋ ደግሞ ተበላሽታ ያለ ምክንያት ቢጫ እያበራች አስቸግራናለች። ከታች ሆኜ «ኧረ ጋሼ፣ ለዛሬ በሽቦ እለፋትና እንሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ መለዋወጫ የለም ተባለ፤ ከዚያ ሌላ ሰፈር ተላክን፤ ከዚያ ተረሳ።

ትራፊኩ ከኋላችን በእስክሪብቶው ወረቀቱን ይጠበጥባል።

«ጋሼ፣ ንቀላትና ኪስህ ክተታት» አልኩት በሹክሹክታ። «ልጆችህን አስብ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ይህን ያልኩት። ከልጆቹ ይልቅ ያሰብኩት ለራሴ ነው።

እጁ ወደ ሽቦዋ ሄደ። ሾፌሩ እንደገና አረንጓዴ ነበር አለ፤ አሁን ግን ድምፁ ራሱን የተጠራጠረ ሰው ድምፅ ነበር። ጋሼ እጁን መለሰ። በሩን ከእጄ ተቀብሎ ወለል አድርጎ ከፈተውና ወደ ትራፊኩ ዞረ።

«ሰውዬው አልዋሸም። ለሁለቱም አረንጓዴ በርቶላቸው ነው። ይህን የሚከለክለውን ዕቃ በሽቦ ያለፍኩት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቱም ፊርማውም የኔ ነው።»

ስለ እኔ ትንፍሽ አላለም። እኔም አላልኩም።

ትራፊኩ ፕላስተሩን ሁለት ጊዜ አነበበና ካቴናውን ፈታ። ሾፌሩ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ጋሼ መጣና ኮሌታውን በሁለት እጁ ጨመደደው። ገደለው ብዬ ነበር። ጋሼ እጁን እንኳ አላነሣም።

«ሚስቴ ሲጭኗት ‹ለምን ጣስክ?› አለችኝ» አለው ሾፌሩ። «እኔም ግራ ቢገባኝ ይቅርታ ጠየቅኳት። አሁን ሄደህ ያልከውን ለሷም ትነግርልኛለህ።»

ትራፊኩ ሳይቀር ተሳፍሮ ወደ ሆስፒታል ነዳሁ። በሩ ላይ ሦስቱም ወረዱ፤ ጋሼ ቆቡን አውልቆ ከፊት ሄደ። እኔ መኪና ማቆሚያ ልፈልግ ብዬ ቀረሁ። ማቆሚያው ባዶ ነበር።